ቻል አድርገው

ማክሰኞ ማታ የጎረቤታችን ልጅ ከሞተር ብስክሌት ወድቆ ቅልጥሙ ተሰበረ። አምቡላንሱ ሳይዘገይ ደረሰ። ባለሙያዋ ቀልጣፋ ናት፤ ደሙን አቆመች፣ እግሩን ደግፋ አሰረችለት። ማስታገሻ ስጪው ብለን ስንለምናት ግን ሣጥኗ ውስጥ ምንም አልነበረም። «ሆስፒታል ይሰጡሃል፤ እስከዚያ ቻል አድርገው ወንድሜ» አለችው። መኪናው ኮብልስቶኑ ላይ በዘለለ ቁጥር ጩኸቱ አንጀቴን በላው።

ከዚህች «ቻል አድርገው» ከምትባል ቃል ጋር የቆየ ጠብ አለኝ። ለምጥም፣ ለጥርስም፣ ለስብራትም የምትታዘዝ ቃል ናት።

አውስትራሊያ ውስጥ «አረንጓዴው ፊሽካ» የሚሉት አለ፤ ሜቶክሲፍሉሬን የሚባል ማስታገሻ 3 ሚሊ ሊትር የሚጨመርበት ቱቦ ነው። ተጎጂው ራሱ ይዞ ይስበዋል፣ ጥቂት እንደተነፈሰ ይቀለዋል። እንግሊዝ ደግሞ ግማሽ ኦክስጅን፣ ግማሽ ናይትረስ ኦክሳይድ የሆነው ጋዝ በአምቡላንስ ይዞራል። «እነሱማ ሀብታም ናቸው» ትሉኛላችሁ። እሺ፣ ኬታሚንስ? የማደንዘዣ ባለሙያዎቻችን አብጠርጥረው ያውቁታል፤ ርካሽ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1985 ከመሠረታዊ መድኃኒቶች መዝገብ አስገብቶታል። በትንሽ መጠን ሕመም ያስታግሣል፤ እንደ ሞርፊን ትንፋሽን የማዳከም ጠባይ የለውም፤ የደም ግፊትንም አብዛኛውን ጊዜ አይጥልም። ቁጥጥር ይፈልጋል፤ እንግዲያው ቆልፉበት፣ መዝግቡት፣ ባለሙያዋን አሠልጥኗት። «ማስታገሻ ምርመራ ያሳስታል» የሚሉም አሉ። የተሰበረ ቅልጥምን ራጅ ያየዋል፤ ጩኸት ምን ይጨምርለታል?

ልጅ ሳለሁ ክንዴ ተሰብሮ ወጌሻ ቤት ወስደውኝ ነበር። ሽማግሌው ከሁሉ በፊት ክንዴን በቀርከሃ ደገፉት፤ እንዳይነቃነቅ ሲደረግ ሕመሙ ጋብ አለ። ዛሬ ሐኪሞችም የመጀመሪያው ማስታገሻ ስብራቱን ማስደገፍ ነው ይላሉ። በወጌሻ አሳስሮ እግሩን ያጣ ሰው ስለማውቅ ወደ እሳቸው ሂዱ አልልም። ቃላቸው ግን አልተረሳኝም፤ «አይዞህ ልጄ፣ ጩህ» ነበር ያሉኝ። «አይዞህ» የሚል ሰው አብሮህ አለ። «ቻለው» የሚልህ ግን ሕመሙን ላንተው ትቶልህ ይሄዳል።

የጎረቤታችን ልጅ የወደቀው ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ነው። የመጀመሪያውን መርፌ የተወጋው 3 ሰዓት ሊሆን 10 ደቂቃ ሲቀረው ነው።