ትንሽ ሹመት በትምህርት ቤት

ብዙ ሕዝብ በአንድ ሰው ዐይን ብቻ ሲጠበቅ ጠባቂው ይደክማል፤ የሚጠበቀውም ይባዝናል። ዮቶር፥ አማቹ ሙሴ ከጧት እስከ ማታ ብቻውን ሲፈርድ ባየ ጊዜ የሺህ፥ የመቶ፥ የአምሳና የዐሥር አለቆችን እንዲሾም የመከረው ስለዚህ ነው። ምክሩ ለአገር አስተዳደር ብቻ የሚጠቅም አይደለም። ብዙ ልጆች ለሚሰበሰቡበት ትምህርት ቤትም ይሠራል፤ ተማሪዎችን በየቤቱ ከፍሎ የማሳደግ ሥርዓትም ከዚሁ ምክር ጋራ የሚስማማ ነው።

ይህ ሥርዓት የበቀለው በእንግሊዝ አገር ባሉ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1382 ዓ.ም. የዊንችስተር ጳጳስ የነበረው የዊከሙ ዊሊያም ለ70 ድኾች ተማሪዎች ትምህርት ቤት ሲያቆም፥ በየመኝታ ክፍሉ በዕድሜ የበሰሉት ታናናሾቻቸውን እንዲጠብቁ በደንቡ አዘዘ። በ1440 ንጉሥ ሄንሪ 6ኛ ያቆመው የኢተን ትምህርት ቤትም 70 ተማሪዎችን በነጻ የሚያሳድር ነበር። ገንዘብ ከፍለው የሚማሩት ልጆች እየበዙ በሄዱ ጊዜ ግን በከተማው ውስጥ በየሰዉ ቤት ያድሩ ጀመር። የእነዚህ አሳዳሪዎች ሥራ ማብላትና ማሳደር ነበር እንጂ የልጆቹን ጠባይ መቅረጽ አልነበረም።

ከዚህ በኋላ ካህኑ ቶማስ አርኖልድ በ1828 የራግቢ ትምህርት ቤት አለቃ ሆኖ ተሾመ፤ በ1842 እስኪሞት ድረስም በዚያው ሹመት ቈየ። ማደሪያ ቤቶቹን ከአሳዳሪዎች እጅ እያወጣ ለመምህራን ሰጠ። ትልልቆቹ ልጆች በትንንሾቹ ላይ ሥልጣን እንዳላቸው ያውቅ ነበር፤ ሥልጣናቸውንም አልሻረም። ነገር ግን የመጨረሻውን ክፍል ተማሪዎች ራሱ እያስተማረ፥ ሥልጣናቸው የጉልበታቸው ዋጋ ሳይሆን ከእርሱ የተቀበሉት አደራ መሆኑን፥ ስለ አደራውም መልስ የሚሰጡ መሆናቸውን ያስታውቃቸው ነበር።

ሥርዓቱ ከዚያ ወዲህ ወደ ብዙ አገር፥ አዳሪ ወዳልሆኑ ትምህርት ቤቶችም ተስፋፋ። በእነዚህ «ቤት» ማለት ግድግዳና ጣራ ሳይሆን ስምና ቀለም ያለው ማኅበር ነው። በአንድ ቤት ውስጥ ከየክፍሉ የመጡ ትልልቆችና ትንንሾች፥ ባለጠጎችና ድኾች፥ ፈጣኖችና ዘገምተኞች አብረው ይመደባሉ። አንዱ በትምህርት፥ ሌላው በሩጫ፥ ሌላው በዜማ ያገኘው ምስጋና ለቤቱ ኹሉ ይቈጠራል። ስለዚህ ጐበዙ ልጅ ደካማውን ከመናቅ ይልቅ ማገዝ እንደሚጠቅመው ይማራል።

ነገር ግን የሥርዓቱን ጥቅም ብቻ ተናግሮ ጕዳቱን መደበቅ አይገባም። በእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች ታናሹ ልጅ ለታላቁ እንደ አሽከር እንዲያገለግል የሚያስገድድ ልማድ ነበር። ታላቁ ቅን ሲሆን አገልግሎቱ ቀላል ነበር፤ ጨካኝ ሲሆን ግን ዱላና ሥቃይ ይሆናል። የአርኖልድ ተማሪ የነበረው ቶማስ ሂዩዝ በ1857 ባሳተመው የቶም ብራውን ታሪክ፥ በራግቢ ትንንሾቹን የሚያሠቃይ አንድ ትልቅ ልጅን ሥሎ አሳይቷል። በ1861ም በሎርድ ክላረንደን የሚመራ መርማሪ ጉባኤ ተቋቁሞ የዘጠኝ ትምህርት ቤቶችን አሠራር መርምሮ በ1864 መግለጫ አወጣ። እንዲህም ሆኖ ይህ የአሽከርነት ልማድ ፈጽሞ እስኪቀር ድረስ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል። ክፉ ልማድ ሹመት ከተባለ ለመንቀል እንዴት እንደሚያስቸግር ከዚህ ይታያል።

ታላቁ ታናሹን እንዲያስተምር ማድረግ ለኢትዮጵያ እንግዳ ነገር አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ፊደል የለየው ልጅ ፊደል ያልለየውን ያስቈጥራል፤ በዜማ የበሰለው ደቀ መዝሙር ጀማሪውን ያስቀጽላል። በአንድ ጎጆ የሚያድሩ ተማሪዎች ለምነው ያገኙትን ተካፍለው ይበላሉ። የኔታም የኹሉንም ትምህርት በጆሯቸው ይመረምራሉ። ታላቅነት የሚገኘው በማወቅና በማገልገል መሆኑን ሊቃውንቱ በዚህ መንገድ ተምረዋል። በጎጆውም ውስጥ ግን ታላቁ ታናሹን የሚበድልበት ጊዜ አይጠፋምና ጥበቃው ለዚያም ያስፈልጋል።

እንግዲህ በትምህርት ቤቱ ቤቶችን ሊያቆም የሚያስብ አለቃ፥ ቀለምና ዋንጫ ከመግዛቱ በፊት የሚከተለውን ያስብ። ለየቤቱ የሚመደበው መምህር የልጆቹን ስምና ኑሮ የሚያውቅ ይሁን። ለተማሪ አለቃ የሚሰጠው ሥልጣን በጽሑፍ ይወሰን፤ መምታትና መቅጣት ከቶ አይፈቀድለት። የተበደለ ታናሽ ልጅ አቤቱታውን ያለ ፍርሃት የሚያሰማበት በር ይከፈትለት። ሹመቱም ለሰው ልጅነትና ለሀብት ሳይሆን ለተግባር ይሰጥ፤ ዓይን አፋሩም ልጅ ተራውን አግኝቶ ይሞከር ዘንድ በየጊዜው ይለወጥ።

በዐሥር ልጆች ላይ የተሾመ ልጅ በዚያች ትንሽ ሹመት ሳለ ማድላትን ወይም ፍርድን፥ ማዋረድን ወይም መርዳትን ይለምዳል። ነገ በወረዳ ወይም በደብር ላይ ሲሾም የሚያወጣው ያንኑ የለመደውን ነው። በዚያን ጊዜ በእርሱ ላይ ከማዘን፥ ዛሬ በትምህርት ቤት ሳለ ሹመት ሸክም መሆኑን ማስተማር ይሻላል።