«ሲስተሙ ነው ያለው»

ጋዜጠኝነት ስንማር አንድ አስተማሪያችን ቁጥር ያለበት ዜና ጽፈን በሰጠነው ቁጥር «ማን ነው ያለው?» ብሎ ይመልስልን ነበር። ምንጩ ካልተጻፈ ዜናው ዜና አይደለም። በ2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ የጣሪያና ግድግዳ ግብር ግምቷን ስታሻሽል፣ እኔም የእናቴን የግብር ወረቀት ይዤ ወደሚመለከተው ቢሮ ሄድኩና ያንኑ ጥያቄ ጠየቅኩ። ይህን ቁጥር ማን ነው ያለው?

«ሲስተሙ ነው ያለው» አለችኝ ልጅቷ።

እናቴ ጡረተኛ ናት። የመጣባት ሂሳብ ከዓምናው ከሦስት እጥፍ በላይ ነበር። እኔ እንደ ተማረ ሰው ቅሬታ ልጽፍ ተነሳሁ፤ ግን ምን ብዬ? ወረቀቱ ላይ ያለው ስም፣ የቤት ቁጥርና የሚከፈለው ብር ብቻ ነው። ቤቱ ስንት ካሬ ተብሎ ተያዘ? ከምን ተሠራ ተባለ? ሰፈራችን ስንተኛ ደረጃ ላይ ተመደበ? ምንም የለም። በሦስተኛው ቀን አንድ ደግ ሠራተኛ ኮምፒውተሩን ወደኛ ባያዞርልን ኖሮ፣ ከአምስት ዓመት በፊት የፈረሰው ማድ ቤታችን መዝገቡ ላይ እንደቆመ መሆኑን፣ የጭቃ ግድግዳችንም «ብሎኬት» ተብሎ መጻፉን አናውቅም ነበር። እናቴ ስክሪኑን አየችና «ይሄ ቤት የት ነው? እዚያ ልግባ» አለች። ሳቅን።

ሳቁ ብዙ አልቆየም። «መጀመሪያ ክፈሉ፣ ከዚያ ቅሬታችሁን አስገቡ» ተባልን። ከፈልን፣ አስገባን። ቅሬታውን የሚያየው ማን ነው ብንል፣ ግምቱን ያወጣው ያው ክፍል ሆኖ አረፈው።

ልብ በሉ፤ ግብር አንክፈል እያልኩ አይደለም። የጣሪያና ግድግዳ ግብር የቆመበት አዋጅ ቁጥር 80 የወጣው በ1968 ዓ.ም. ነው። በዓመት ከ300 ብር በታች ኪራይ የሚያወጣ መኖሪያ ቤትን ከግብር ነጻ ያደረገ ሕግ ነው። ከቀበሌ ቤት በቀር ዛሬ እንዲህ ያለ ኪራይ ካገኛችሁ ለኔም ንገሩኝ። ከተማዋ መንገድና ውሃ ከፈለገች በዚያ ዘመን ግምት መኖር አትችልም። ግምቱ መሻሻል ነበረበት። ጥያቄዬ ሌላ ነው፦ ያላየሁትን ግምት እንዴት አድርጌ ልቃወም?

የአክስቴ ልጅ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤት አላት። እዚያ ቤት የሚገመተው በየሦስት ዓመቱ ነው። የግምቱ ደብዳቤ ሲመጣላት ይግባኝ የምትልበት 45 ቀን እንዳላት አብሮ ይነግራታል። ስለ ቤቷ የተመዘገበውን ዝርዝር ጠይቃ መውሰድ ትችላለች። መልሱ ካላጠገባት ወደ ይግባኝ ቦርድ፣ ከዚያም ወደ ግብር ፍርድ ቤት ትሄዳለች። አሜሪካ ገነት ናት አልወጣኝም፤ ጊዜና ጉልበት ያለው እዚያም ይበልጥ ይጠቀማል። ግን ቢያንስ የምትከራከርበት ወረቀት በእጇ አለ።

ይህ የእናቴ ጣጣ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩት። በጥር 2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጅ አጽድቋል። በዚህ አዋጅ ግምቱ የሚከተለው የገበያ ዋጋን ነው። የቱን ገበያ? በሽያጭ ውል ላይ የሚጻፈው ዋጋና በእጅ የሚቆጠረው ገንዘብ ለየቅል መሆኑን በዚህ ከተማ ቤት የገዛም የሸጠም ያውቃል። ታዲያ ገማቹ ማንን ሊጠይቅ ነው፤ ደላላውን? ቁጥሩ የሚወጣበት መሬት እንዲህ ሲንሸራተት፣ «ተሳስታችኋል» የሚባልበት በር መስፋት ነበረበት።

«እኔ ተከራይ ነኝ፣ ምን አገባኝ» የምትሉም አላችሁ። አከራያችሁ ላይ የተጨመረው ግብር ውሎ አድሮ የማን ኪራይ ላይ የሚያርፍ ይመስላችኋል?

የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሂሳቡ ሲላክ ስሌቱም አብሮ ይላክ፤ ካሬው፣ የግድግዳው ዓይነት፣ የሰፈሩ ደረጃ። ሁለተኛ፣ ቅሬታን ግምቱን ያላወጣ ሰው ይስማ፤ ተከሳሽ በራሱ ጉዳይ ዳኛ ሆኖ አያውቅም። ሦስተኛ፣ የተከራከርንበት ገንዘብ እስኪወሰን ይቆይ፤ ያልተከራከርንበትን ዛሬውኑ እንከፍላለን። ይሄ ሁሉ አዲስ ሚኒስቴር አይፈልግም። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውን ወረቀት ላይ ማተም ነው።

አስተማሪያችን ቢሆን ኖሮ የእናቴን ሂሳብ ቀይ መስመር አስምሮበት ይመልሰው ነበር። እኛ ግን ከፍለናል። የቅሬታችን መልስ እስካሁን አልመጣም። እናቴም ለፈረሰ ማድ ቤት ትገብራለች።