ስክሪኑን ከኔትወርኩ አፋቱት

የስልክ መተግበሪያ በሚሠሩ ባለሙያዎቻችን ዘንድ የተለመደ አሠራር አለ። ተጠቃሚው «ላክ» ሲል ስክሪኑ ከበስተጀርባ ያለውን ሰርቪስ ይጠራል፣ ሰርቪሱ ሰርቨሩን ይጠራል፣ መልስ እስኪመጣ ሁሉም ይጠብቃል። የቢሮ ዋይፋይ ላይ እንከን አይታይበትም። ወላይታ ዞን ውስጥ ግን ሰው ይጎዳል።

ኪንዶ ዲዳዬ ላይ አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የነፍሰ ጡር ክትትል ቅጽ ሞልታ ላከች እንበል። የመጠበቂያው ክብ እየተሽከረከረ ሳለ ስልክ ተደወለላት። ስክሪኑ ከተዘጋ ሰርቪሱ ይዞት የሚመጣውን መልስ የሚቀበለው የለም። አንድሮይድ ሜሞሪ አጥሮት መተግበሪያውን ጨርሶ ከገደለው ደግሞ ያልተቀመጠው ቅጽ አብሮ ይጠፋል። እንደገና መሙላት ማለት እንደገና ያቺ እናት ቤት መሄድ ነው።

ባለሙያዎቹ ሲጠየቁ ጥፋቱን ለኔትወርክ ይሰጣሉ፤ አልያም ተጠቃሚው ባትሪ ቆጣቢውን እንዲያጠፋ ይመክራሉ። ይህን ምክር አልቀበልም። መብራት በሌለበት ቀበሌ ውላ ለምታድር ሠራተኛ ባትሪ ማለት ሥራዋ ነው። ደግሞም ከበስተጀርባ በሚሠራው ላይ ያለው ገደብ የስልኩ ብልሽት አይደለም። አንድሮይድ እ.ኤ.አ. በ2015 በስሪት 6 ሳይነካ የቆየ ስልክ ከበስተጀርባ የሚሠራውን እንዲያዘገይ አደረገ፤ በ2017 በስሪት 8 ከዓይን የራቀ መተግበሪያ ሰርቪሱን እንደልቡ እንዳያሠራ ከለከለ። ይህን ሕግ ሳያውቁ ዛሬም ንድፍ የሚያወጡ አሉ።

መፍትሔው ስክሪኑና ሰርቪሱ በቀጥታ እንዳይነጋገሩ ማድረግ ነው። ስክሪኑ ቅጹን ስልኩ ላይ ባለው ዳታቤዝ ይጻፍ፣ ሥራውም በዚያው ያብቃ። ከበስተጀርባ የሚሠራው ክፍል ከዳታቤዙ አንብቦ ይላክ፣ ውጤቱንም እዚያው ይመዝግብ። ስክሪኑ ዳታቤዙን ብቻ ይከታተል። ወርክማኔጀር የተባለው የጉግል መሣሪያ የሥራ ትእዛዞችን በራሱ ዳታቤዝ ስለሚያኖር ስልኩ ጠፍቶ ቢነሳም አይረሳቸውም። ፎቶና ረጅም ዝርዝር በመልእክት ጠቅልሎ ከክፍል ወደ ክፍል የማሳለፍ ልማድም ይቅር፤ አንድሮይድ ለዚህ የመደበው ቦታ 1 ሜጋባይት ገደማ ብቻ ነው፣ ሲሞላ መተግበሪያው ይወድቃል። የመዝገቡን ቁጥር ማሳለፍ ይበቃል። ይህ ሁሉ አዲስ ግኝት አይደለም፦ በአገራችን የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ላይ የዋለው ኮምኬር የተባለ መተግበሪያ ቅጹን ስልኩ ላይ አስቀምጦ ኔትወርክ ሲገኝ ይልካል።

ሙዚቃ ለሚያጫውት መተግበሪያ የስክሪኑና የሰርቪሱ ቀጥተኛ ንግግር ያስፈልጋል፤ አልከራከርም። «ክፍያስ? ነጋዴው መልሱን አሁኑኑ ይፈልጋል» የሚለው መከራከሪያ ግን የሚደግፈው የእኔን ሐሳብ ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በስልክ መክፈል ሶዶ ገበያም ደርሷል። ከአረካ ዝንጅብል የሚገዛ ነጋዴ «እባክዎ ይጠብቁ» የሚል ስክሪን ላይ ሲቆም ሻጩ ፊቱን እያየው ነው፤ ሁለተኛ ጊዜ ይጫናል። ስለዚህ እያንዳንዱ ክፍያ ገና ስልኩ ላይ ሲመዘገብ የራሱን መለያ ይያዝ፣ በተደገመ ቁጥር በዚያው መለያ ይላክ፣ ሰርቨሩም ያን መለያ ከዚህ ቀደም አይቶት ከሆነ ገንዘቡን ዳግም ሳይቀንስ የመጀመሪያውን ውጤት ይመልስ። ስክሪኑም «ተመዝግቧል፣ ገና አልተረጋገጠም» ብሎ ለገዢውም ለሻጩም እውነቱን ይንገር፤ በወላይትኛም ጭምር።