ቤት ውስጥ ተለይቶ የሚታከም ሰው ክትትል፦ የኦክስጅን ቁጥር በእንጦጦ ከፍታ

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ በአገራችን ሲገኝ፣ ቫይረሱ የተገኘበት ሰው ሁሉ ወደ ሕክምና ማዕከል ይገባ ነበር። ከቀዳሚዎቹ አንዱ በየካ ክፍለ ከተማ ያለው የኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ነበር። ክረምቱ ገብቶ የታማሚው ቁጥር ሲበዛ ግን ቀላል ምልክት ያለባቸው በቤታቸው ተለይተው እንዲቆዩ ተፈቀደ፤ ክትትሉም በስልክ ሆነ። ደዋዩ ባለሙያ ታማሚውን አያየውም። የሚያዩት እርስዎ ነዎት።

ዛሬ ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ (ፐልስ ኦክሲሜትር) በመድኃኒት ቤቶች ይሸጣል፤ የሳንባና የልብ ሕመም ያለበት ቤተሰብም ይገዛዋል። መልካም ነው። ነገር ግን «ጤናማ ከ95 እስከ 100» የሚለው የተለመደ መለኪያ በዋናነት ዝቅተኛ ቦታ ለሚኖር ሰው የተቀመጠ ነው። መሃል አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ነው፤ እንጦጦ ራጉኤል አካባቢ ደግሞ ወደ 3,000 ሜትር ይደርሳል። እዚያ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ከባሕር ጠረፍ በ30 በመቶ ያህል ያንሳል። በዚያ ከፍታ የሚኖር ጤነኛ ሰው 92 ቢያሳይ ቁጥሩ ብቻውን አያስደነግጥም።

ታዲያ «ከፍታው ነው» ብሎ መተውም ሰው ይገድላል። በ2002 እ.ኤ.አ. በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ በሚኖሩ ሰዎች ላይ የታተመ ጥናት አማካይ መጠናቸውን 95 በመቶ አካባቢ አግኝቷል፤ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ዝቅ ያለ ቁጥር አይተዋል። ስለዚህ ዋናው የራስዎ ቁጥር ነው። ጤነኛ ሳሉ፣ ተቀምጠው፣ ለሁለት ሦስት ቀን ለክተው ይጻፉት። ሲታመሙ ከዚያ በ3 ወይም በ4 ከወረደ ለባለሙያ ይደውሉ። ከ90 በታች ከሆነ የዓለም ጤና ድርጅት ከባድ ሕመም ይለዋል፤ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ኮቪድ ሳያፍን ኦክስጅን ሊያወርድ ስለሚችል «ደህና ነኝ» የሚል ታማሚም ይለካ።

መሣሪያው ይሳሳታል። የእንጦጦ ብርድ ጣትን ሲያደነዝዝ ዝቅ አድርጎ ያሳያል፤ እጅዎን አሙቀው ይለኩ። የጥፍር ቀለምና ጥቁር ሂናም ያውኩታል። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ደግሞ ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ሊያነብ እንደሚችል በ2020 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት አሳይቷል። ከሁሉ የሚያሰጋው ግን ከሰል ነው፤ በተዘጋ ክፍል የከሰል ጭስ የመረዘው ሰው እየሞተ እንኳ መሣሪያው 98 ሊል ይችላል። የታማሚው ክፍል ውስጥ ምድጃ አያስገቡ፤ መስኮት ይክፈቱ።

እኔ ከመሣሪያው ይልቅ የማምነው ትንፋሽ መቁጠርን ነው። ምንም ወጪ የለውም። ታማሚው ሳያውቅ፣ የስልክዎን ሰዓት ይዘው፣ ደረቱ የሚነሳበትን ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ይቁጠሩ። አዋቂ ሰው ከ30 በላይ ከተነፈሰ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ አነጋገሩ ግራ ከተጋባ ወይም አንድ ዓረፍተ ነገር ሳያርፍ መጨረስ ካቃተው፣ ቁጥሩ ምንም ቢል አይጠብቁ።

ጠዋት፣ ከሰዓትና ማታ የለኩትን ከሰዓቱ ጋር ደብተር ላይ ይጻፉ፤ ሲደወልልዎ የሚያነቡት እሱን ነው። ከራጉኤል ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርደው መንገድ ቁልቁለት ነው፤ ሌሊት ታክሲ አይገኝም። መኪና ያለውን ጎረቤት ገና በመጀመሪያው ቀን ያነጋግሩ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥርን፣ 907ን፣ ደብተሩ ሽፋን ላይ ይጻፉ።