እሁድ ማታ የምገባበት ሥራ



ባለፈው ወር አንዲት እናት ከአምልኮ በኋላ በር ላይ አገኙኝና፣ «ፓስተር፣ ማታ ማታ ሥራ ይገባሉ ሲሉ ሰማሁ፤ የት ነው የሚሠሩት?» አሉኝ። «ሕክምና አካባቢ ነው፣ እማማ» ብዬ አለፍኩ። ውሸት አልተናገርኩም፤ እውነቱንም ግን አልተናገርኩም። መኪናዬ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ልቤ ወቀሰኝ። የሸሸግሁት ኃጢአት አይደለም፤ ሥራ ነው። ታዲያ ለምን አፈርኩበት?

እንግዲህ ዛሬ በግልጽ ልናገር። የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ትንሽ ስለሆነች የሙሉ ጊዜ ደመወዝ ልትከፍለኝ አትችልም። ስለዚህ በሳምንት ሁለት ሌሊት የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በሚኖሩበት ግሩፕ ሆም ፓርት ታይም እሠራለሁ። ሐዋርያው ጳውሎስም በቆሮንቶስ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን እየሠራ ወንጌልን ሰብኳል (ሐዋ. 18፥3)። በእጅ ሠርቶ መብላት እንደማያሳፍር ለሌሎች ስሰብክ ኖሬአለሁ። እኔን ያሳፈረኝ የሥራው ዓይነት ነበር። ባደግንበት አገር «አማኑኤል ገባ» ማለት ስድብ ነው። ያንን ስድብ እኔም ከሻንጣዬ ጋር ይዤው መጥቻለሁ።

ቤቱ እንደማንኛውም የሰፈር ቤት ነው፤ አራት ሰዎች ይኖሩበታል። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ በሽታ አልለይም፣ መድኃኒትም አላዝም። ሌሊቱን እየዞርኩ ሰዎቹ ደኅና መሆናቸውን አያለሁ፤ የተረበሸ ካለ በለሰለሰ ድምፅ አነጋግራለሁ፤ ያየሁትን ሁሉ እጽፋለሁ። ያልተጻፈ ነገር እንዳልተደረገ ይቆጠራል ይላሉ የሙያው ሰዎች። ጠዋት ለሚረከበኝ ሠራተኛ ማን እንደተኛ፣ ማን እንዳልተኛ፣ ማን እራት እንደተወ ነግሬ እወጣለሁ።

እንዲህ ያለ ቤት ሲገኝ ቀላል ነገር አልነበረም። በዚህ አገር የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ብዙ ሰዎች በትልልቅ የመንግሥት ሆስፒታሎች ተዘግቶባቸው ዕድሜያቸውን ይጨርሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ሕክምናው ሕዝቡ በሚኖርበት አካባቢ እንዲሰጥ የሚያደርግ ሕግ ፈረሙ። በ1999 ደግሞ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰውን ያለ በቂ ምክንያት በተቋም ዘግቶ ማኖር አድልዎ ነው ብሎ ፈረደ። ከዚያ ሁሉ በፊት፣ በ1796፣ ዊሊያም ቲዩክ የተባለ የኩዌከር አማኝ በእንግሊዝ አገር በዮርክ ከተማ ሕሙማን ያለ ሰንሰለት፣ በክብርና በርኅራኄ የሚኖሩበትን ቤት ከፍቶ ነበር። ስለዚህ ይህ ሥራ ለአማኞች እንግዳ አይደለም፤ ከእኛ አስቀድሞ የክርስቶስን ርኅራኄ ይዘው የገቡበት ሰዎች አሉ።

ከሥራው የተማርኩትን አንድ ነገር ልንገራችሁ። የሰውየው ማንነት እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ። በዕድሜ ከእኔ የሚበልጡ አንድ ሰው ሌሊት ሌሊት ከክፍላቸው እየወጡ፣ «በሩ ተቆልፏል?» ይሉኛል። «አዎ ተቆልፏል፣ አይስጉ» እላለሁ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ተመልሰው ይመጣሉ። ሰባኪ አይደለሁ! ፍርሃታቸው መሠረት እንደሌለው በማስረጃ አስረዳቸው ጀመር። አብራኝ የምትሠራ፣ በሥራው ብዙ ዓመት የቆየች ሐበሻ እህት ይህን አይታ፣ «ፓስተር፣ መልስ አይደለም የሚፈልጉት። አብረዋቸው ይሂዱና በሩን ይዩላቸው» አለችኝ። አብረን ሄድን፤ እጀታውን ሁለታችንም ነካነው። ወንበር ስቤ አጠገባቸው ትንሽ ተቀመጥኩ። ያን ሌሊት ተኙ።

በቲኦሎጂ ኮሌጅ ስብከት እንዴት እንደሚዘጋጅ ተምሬአለሁ። ዝም ብሎ አጠገብ መቀመጥን ግን የተማርኩት በዚህ ቤት፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ነው።

አሁን ወደሚከብደኝ ነገር ልምጣ። ከብዙ ዓመታት በፊት፣ አገር ቤት ሳገለግል፣ አንድ ወጣት ወንድም ወደ እኔ መጣ። ለቀናት እንቅልፍ አጥቶ ከቤት የሚወጣበት ሕመም ነበረበት፤ ሐኪም መድኃኒት ጀምሮለት ተሽሎታል። እጄን ጭኜ ጸለይኩለትና፣ «ኢየሱስ ፈውሶሃል፤ ከዚህ በኋላ ኪኒኑ ምን ያደርግልሃል?» አልኩት። አመነኝና ተወው። ሦስት ሳምንት ደኅና ሆነ፤ እኔም መድረክ ላይ አቁሜ አስመሰከርኩት፤ ሕዝቡ እልል አለ። በአምስተኛው ሳምንት ሕመሙ ከፊተኛው ብሶ ተመለሰ። ቤተሰቦቹ ወደ ሕክምና ወሰዱት። ትምህርቱ ተቋረጠ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ቤተ ክርስቲያናችን አልተመለሰም። ለምስክርነቱ መድረክ ሰጥቼው ነበር፤ ለውድቀቱ ግን አንድ ጊዜ እንኳ ሄጄ አልጠየቅሁትም። እምነቱ አነሰ ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ወገኖቼ፣ ያነሰው የእርሱ እምነት አልነበረም። የእኔ እውቀትና ፍቅር ነው ያነሰው። ብዙዎቹ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች በአንድ ቀን አይሠሩም፤ ውጤታቸው እስኪታይ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ሲቋረጡም ሕመሙ ወዲያው ሳይሆን ቆይቶ ሊመለስ ይችላል። እኔ ፈውስ ብዬ ያወጅኩት ያንን መካከለኛ ጊዜ ነበር።

ጌታ ዛሬም እንደሚፈውስ አምናለሁ። አጋንንት እንዳሉም፣ በኢየሱስ ስም እንደሚወጡም አምናለሁ። ነገር ግን መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ እኛ የምንቀላቅለውን ይለያል። ማቴዎስ 4፥24 ወደ ኢየሱስ የመጡትን ሲዘረዝር አጋንንት ያደረባቸውን ለብቻ፣ የሚጥል ሕመም ያለባቸውን ለብቻ፣ ሽባዎችንም ለብቻ ይጠቅሳል። ጌታ ሁሉንም ፈወሳቸው፤ ሁሉንም ግን በአንድ ስም አልጠራቸውም። ኤልያስም ከክትክታው ዛፍ ሥር ሆኖ ሞትን በለመነ ጊዜ (1 ነገ. 19) እግዚአብሔር በተግሣጽ አልጀመረም። አስተኛው፤ በመልአኩ እጅ እንጀራና ውኃ ሰጠው፤ ደግሞም አስተኛው፤ ደግሞም አበላው። «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እኛ ግን ጥያቄውን አስቀድመን እንጀራውን እንረሳለን።

«ፓስተር፣ እንዲህ ከሆነ ሳይኮሎጂ የወንጌልን ቦታ አይወስድም ወይ?» የሚሉኝ አሉ። ስጋቱን አልንቀውም። ኪኒን ኃጢአትን አያስተሰርይም፤ የሚያድነው የክርስቶስ ደም ብቻ ነው። ነገር ግን የስኳር በሽታ ያለበት ዲያቆን ኢንሱሊን ሲወጋ «መስቀሉን ተክቶበታል» የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም። አእምሮም የሰውነት ክፍል ነው። ታላቁ ሰባኪ ቻርልስ ስፐርጅን ለብዙ ዓመታት በከባድ ድብርት ይሠቃይ ነበር፤ ይህንንም ከጉባኤው አልደበቀም። እምነት የለውም የሚል ማን ነው?

ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ከዚህ ሥራ ልትማር ይገባል እላለሁ። በመጀመሪያ፣ ማናችንም፣ ፓስተርም ነቢይም ብንሆን፣ ማንንም ሰው መድኃኒትህን ተው አንበል። እየጸለይን ወደ ሐኪሙ እንላከው፤ ጌታ ከፈወሰውም ሐኪሙ ያየዋል። ሁለተኛ፣ ምስጢር እንጠብቅ። በሥራዬ የአንድን ነዋሪ ስም ውጭ ባወጣ ከሥራ እባረራለሁ። በቤተ ክርስቲያን ግን «ጸልዩላት» እያልን የእህታችንን ገመና ለሠላሳ ሰው እንበትናለን። ከዓለም ሠራተኛ ማነስ አይገባንም። ሦስተኛ፣ ሰው ተስፋ ሲቆርጥ በግልጽ እንጠይቀው፤ «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?» ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም፤ ይልቁንም የብዙዎችን ሸክም ያቀልላል። አዎ ካለን ብቻውን አንተወው። በአሜሪካ ያላችሁ ከ2022 ጀምሮ በ988 ቀንም ሌሊትም ደውላችሁ እርዳታ ማግኘት ትችላላችሁ።

በመጨረሻም፣ በመካከላችን በግሩፕ ሆምና በሆስፒታል ሌሊት የሚሠሩ ብዙ እህቶችና ወንድሞች አሉ። ቀድሞ ስብከት ላይ ሲያንቀላፉ ሳይ ከመድረክ እገሥጻቸው ነበር። ዛሬ ከየት እንደመጡ አውቃለሁ። ይቅርታችሁን እለምናለሁ። ሥራችሁን «እስኪያልፍ ያለፋል» ብላችሁ አትናቁት፤ ሌላው የሚሸሸውን ሰው ስታጥቡና ስታበሉ፣ ለታናናሾቹ ያደረጋችሁት ለእርሱ እንደሆነ ጌታ ተናግሯል (ማቴ. 25፥40)። በእኛ ቤተ ክርስቲያን በሚመጣው ወር ከእነዚህ አንዷ እህት ስለ አእምሮ ጤና ታስተምረናለች፤ እኔም ፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ እሰማለሁ።

ያን ወንድም ባለፈው ዓመት በስልክ አገኘሁት፤ ይቅርታም ጠየቅሁት። መድኃኒቱን እየወሰደ፣ እየሠራ፣ ልጆች እያሳደገ ነው። ለረጅም ጊዜ ዝም አለና፣ «ጋሼ፣ ያን ጊዜ ቢመጡልኝ ደስ ይለኝ ነበር» አለኝ። ከዚህ የሚበልጥ ስብከት ሰምቼ አላውቅም።

እሁድ እኚያን እናት ስመለከት የምሠራበትን ቦታ በስሙ እነግራቸዋለሁ። ምናልባት እርሳቸውም እቤታቸው የደበቁት ሰው ይኖር ይሆናል።

ጌታ ይባርካችሁ።