ሳይመዘን የተናቀ ችሎታ

በአንድ ሙያ ተሰማርቶ እንጀራን ለማግኘት መስፈርቱ ችሎታ እንጂ ጾታ ሊሆን አይገባም። ይሁን እንጂ ሴቶች ችሎታቸው ሳይመዘን የተገለሉባቸው የሥራ መስኮች ብዙ ናቸው። ከእነዚህም አንዱ በአሜሪካ እጅግ የተወደደው የቤዝቦል ጨዋታ ነው።

«ሴቶች ከሜዳው የራቁት ስለማይችሉ ነው» የሚሉ ሰዎች አሉ። ታሪኩ ግን ይህን አያረጋግጥም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብዙ ወንዶች በዘመቱበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1943 የሴቶች የቤዝቦል ሊግ ተቋቁሞ እስከ 1954 ድረስ ቆይቷል። በእነዚህ ዓመታት ከ600 በላይ ሴቶች እየተከፈላቸው ተጫውተዋል። ሆኖም በአጭር ቀሚስ እንዲጫወቱ ይገደዱ ነበር፤ ጥቁር ሴቶችም ወደ ሊጉ አይገቡም ነበር። ቶኒ ስቶን የተባለችው ጥቁር ተጫዋች እ.ኤ.አ. በ1953 በጥቁሮች ሊግ ከወንዶች ጋር ተሰልፋ ተጫውታለች።

እ.ኤ.አ. በ1952 የሃሪስበርግ ከተማ ቡድን ኤሊነር ኤንግልን አስፈረመ። የታችኛዎቹ ሊጎች ኃላፊዎች ግን አንድም ግጥሚያ ሳታደርግ ውሏን ሰረዙ፤ ከዚያ ወዲያም ሴት ማስፈረምን ከለከሉ። እስቲ እናስተውል፤ የማይችልን ሰው በደንብ መከልከል ለምን ያስፈልጋል? በር የሚዘጋው ሊገባ በሚችል ሰው ላይ ነውና።

ወንዶች በአማካይ በጉልበት ይበልጣሉ ተብሎ ይከራከሩን ይሆናል። ይህ እውነት ነው። ዳኝነት ግን የሚጠይቀው ጉልበት ሳይሆን የነቃ ዓይንና የሕግ ዕውቀት ነው። ይህም ሆኖ ፓም ፖስቴማ በታችኛዎቹ ሊጎች 13 ዓመት ከዳኘች በኋላ፣ ወደ ከፍተኛው ሳትሻገር እ.ኤ.አ. በ1989 ተሰናበተች። እርሷም የተሰናበትኩት በጾታዬ ነው በማለት በ1991 ክስ መሠረተች። ናሽናል ሊግ ከተመሠረተበት ከ1876 ወዲህ፣ በከፍተኛው ደረጃ በመደበኛ ውድድር የዳኘችው የመጀመሪያዋ ሴት ጄን ፓዎል ናት፤ ይኸውም የሆነው እ.ኤ.አ. በ2025 ነው። ለአንዲት ዳኛ ወደ 150 ዓመት የሚጠጋ ጊዜ መጠበቅ የችሎታ ማነስን ሳይሆን የአድልዎን ጽናት ያሳያል።

በእኛም ዘንድ «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚል ብሂል አለ። የብሂሉም ሆነ የሊጎቹ ስሕተት አንድ ነው፤ ሁለቱም ከመመዘን በፊት ይፈርዳሉ። ሴቶች የሚጠይቁት ሚዛኑ እንዲያደላላቸው አይደለም፤ በሚዛኑ ላይ እንዲወጡ ብቻ ነው። ይህን መንፈግ ደግሞ ፍትሕን መንፈግ ነው።