የጥላሸታችን መውረጃ

ለምዕራብ ጎጃም ዞን አስተዳደር፣ ለፍኖተ ሰላምና ለቡሬ ከተሞች ከንቲባዎች



ፍኖተ ሰላምም ቡሬም ሐይቅ የላቸውም። ስለ ሐይቅ ብክለት ሲነሣ የባሕር ዳር ሰዎች ጉዳይ የሚመስለን ለዚህ ነው። ግን የዞናችንን ውኃ እንከተለው። ከሰከላ የሚነሣው ግልገል ዓባይ ወደ ሰሜን ወርዶ ጣና ይገባል፤ ከሐይቁ ገባሮች ትልቁም እሱ ነው። ግሽ ዓባይ ላይ ምንጩን በጠበልነቱ የምናከብር ሰዎች ወንዙን ከታች ማቆሸሽ እንዴት ቻልን? የላህና የፈጣም ወንዞች ደግሞ ውኃቸውን ወደ ደቡብ፣ ወደ ዓባይ ይወስዳሉ። ያ ዓባይ ዛሬ ጉባ ላይ ንጋት ሐይቅ ሆኗል፤ መምህሩም ገበሬውም ካለው ላይ ቀንሶ ቦንድ የገዛለት፣ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዝ ሐይቅ።

በየደጁ የሚቃጠለውን ፌስታልና ጎማ፣ ጋራዥ ደጅ የሚደፋውን የተቃጠለ ዘይት፣ ማሳ ላይ የሚነደውን የበቆሎ አገዳ፣ በዓባይ በረሃ ሣር ላይ የሚዛመተውን ሰደድ እሳት ታውቁታላችሁ። አመዱና ጥላሸቱ በጋውን ሙሉ ጣሪያና አስፋልት ላይ ይከማቻል። ዝናቡ ሲጀምር የመጀመሪያው ዶፍ ጠርጎ ያወርደዋል። ከክረምቱ ጎርፍ ሁሉ እኔን የሚያሳስበኝ ይኸኛው ነው።

አመድ ውስጥ ፎስፈረስ አለ። ማሳ ላይ ሲቀር አፈር ያለማል፤ ሐይቅ ሲገባ ግን ዋቅላሚንና እምቦጭን ይቀልባል። ዋቅላሚው ሞቶ ሲበሰብስ በውኃው ያለውን ኦክስጅን ይጨርሳል፣ ዓሣውም ይታፈናል። ጥላሸት ከዚህ ይብሳል። ከዘይትና ከፕላስቲክ ቃጠሎ የሚወጡ መርዞች ይጣበቁበታል፤ ከደለል ጋር ወርዶ ከታች ይተኛል፤ በደለሉ ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን ነፍሳት ይበሉታል፣ እነሱን ደግሞ ዓሣ። ጣና ሰፊ ይሁን እንጂ ጥልቀቱ 15 ሜትር እንኳ አይሞላም። እ.ኤ.አ. በ2011 እምቦጭ ሐይቁ ላይ ሲታይ ቸል ተብሎ፣ ኋላ ስንት ወጣት ውኃ ውስጥ ቆሞ በእጁ ሲነቅለው አይተናል።

ዞናችን ያለበትን መከራ እናውቃለን፤ ብዙ ገንዘብ አንጠይቅም። ቦዮቹ ከክረምት በፊት ይጠረጉ፤ የተጠረገው ግን ወንዝ ዳር አይደፋ። ለየጋራዡ የተቃጠለ ዘይት ማጠራቀሚያ ይኑር። በላህና በፈጣም ዳር የማይታረስ የሣር መሬት ይተው። ገበሬውን በቅጣት አታስፈራሩት፤ አገዳውን የሚያቃጥለው ለቀጣዩ እርሻ መሬቱን ለማጽዳት ነውና የግብርና ባለሙያው ማሳው ድረስ ሄዶ ኮምፖስት አብሮት ይሥራ።

ቡሬ ላይ ከአገሪቱ የመጀመሪያዎቹ አራት የተቀናጁ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኮች አንዱ አለ። የሥራ እንጀራ ነውና ይስፋ እንላለን። ከግቢው የሚወጣው ፍሳሽ ተመርምሮ ውጤቱ በየወሩ በከተማው አስተዳደር ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ግን ወንዙን የሚጠጣው ሰው የሚጠጣውን ያውቃል። የመጀመሪያውን ውጤት ከሰኔ በፊት እንድትለጥፉልን እንጠይቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የዞኑ ነዋሪ